የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ

ሰኞ፣ ጥር 6

በስልሳ ሁለት ዓመቴ እንደገና ሥራ ጀመርኩ። ደብዳቤው ላይ "አማካሪ" ይላል። እህቴ ጠዋት በር ድረስ ሸኝታኝ "አማካሪ ሆይ፣ መነጽርሽን ረስተሻል" ብላ ሳቀችብኝ።

ቤተ መዛግብቱ ምድር ቤት፣ አንድ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ የፎቶ ቤታችን ሳጥኖች ተደርድረው ጠበቁኝ። ስልሳ አራት ሳጥን ኔጌቲቭ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ፎቶ ያጠብኩበት ቤት ተሰብስቦ ይኸው ነው። ባለቤቱ ጋሼ ሲያርፉ ልጆቻቸው ፊልሙን በሙሉ ለዚህ መሥሪያ ቤት ሰጡት፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠው ነው። የኔ ሥራ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ መናገር ነው። ከጋሼ ቀጥሎ ሰዎቹን የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ታይፕ አልችልም ስለው ኃላፊው የኪስ መቅረጫ ሰጠኝ። "እርስዎ ይናገሩበት፤ የሚጽፍ ሰው አለ" አለኝ። ፊት ለፊት አንቱ እንባባላለን። በደብተሬ ግን አንቱ አልለውም፤ አርባ እንኳን ያልሞላው ነው፣ ደግሞም ገና ሳየው አላማረኝም።

ስካነሩ ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ሠላሳ ይሆናታል። ከኔ በፊት ሁለት ሳምንት ሠርታ ዘጠኝ ሳጥን ጨርሳለች። ጆሮዋ ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍታ ስለምትውል ማዳመጫ ብዬ ሰይሜያታለሁ። ስገባ ፊልሙን መስታወቱ ላይ ስታስቀምጥ አየኋት፤ የሚያብረቀርቀውን ወገን ወደ ታች አድርጋ። ደሜ ፈላ። ፊልም ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ ምስሉ ያለበት ሌላው ደግሞ ፈዛዛ ነው። ይህን የፎቶ ቤት ጠራጊ እንኳን ያውቀዋል። "ልጄ፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ" አልኳት። አልሰማችም። ማዳመጫዋን በእጄ አንስቼ ደገምኩላት።

"እርግጠኛ ነዎት እማማ?" አለችኝ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አልኳት። "አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ።"

ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እንዳትረሳ በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ ጽፌ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፍኩላት፦ የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት። ጋሼም ማሳሰቢያ ሲለጥፉ እንደዚሁ ያደርጉ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ስም ስጠራ ዋልኩ። ድምፄ ሻከረ። ሳጥን አሥር፣ ፍሬም አራት፣ ባለ ወፍጮው ከነልጁ። ፍሬም አምስት፣ የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ፣ ያቺ ሚዛን ላይ እጇን የምታሳርፈው። ፍሬም ሠላሳ ስድስት፣ የፊልም ማብቂያ።

የፊልም ማብቂያ የምለው፣ ጥቅሉ ሊያልቅ አንድ ፍሬም ሲቀረው ጋሼ "ነይ ቁሚ፣ ይህን ልጨርሰው" ብለው እኔን ያነሱኝን ነው። ፊልሙ ካላለቀ አይታጠብም፤ ደንበኛው ደግሞ ወንበር ላይ ይቁነጠነጣል። በሽርጤ፣ እጄ በፊልም ማጠቢያ መድኃኒት እንደራሰ፣ ስንት ጊዜ ቆሜላቸዋለሁ። ደንበኛ ስላልሆንኩ ስም አያስፈልገውም።

ማዳመጫ ቀኑን ሙሉ ያንን ነገር ከጆሮዋ አላወረደችም። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚሰማ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? አንዳንዴ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ጋሼ ቢያዩ ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የሚያሰናብቷት።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ይህ ማሽን ፊት ያጣምማል። እኔ ነኝ የምለው፣ በዓይኔ ስንት ሺህ ፊት ከመድኃኒት ውስጥ ሲወጣ ያየሁት። ዳኛው ዳኛውን አይመስሉም፤ ኖሯቸው የማያውቅ መንታ ወንድማቸውን ነው የሚመስሉት። አዋላጇን ለማወቅ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሳቋ የሷ ነው፣ ግን ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይመስላል። ደግነቱ ጋሼ ሥዕል ያለበት መጋረጃ አይወዱም ነበርና ከሰው ጀርባ የሚሰቀለው ግራጫ ጨርቅ ብቻ አልተለወጠም።

ኃላፊው ጋ ገብቼ ማሽኑ ይመርመር አልኩት። "እማማ፣ ጥራቱ ስለጨመረ ነው እንግዳ የሆነብዎት" አለኝ። ጥራት። እኔን ስለ ጥራት።

ቀጥሎ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ነገረኝ። መጋቢት ሃያ ፊልሙ በሙሉ ይወገዳል።

"ይወገዳል ማለት?"

"ይቃጠላል። ይሸታል፣ ቦታ ይይዛል። አንዴ ከተገለበጠ ምን ያደርግልናል?"

ሰው ልጁ ከተወለደ በኋላ እናቲቱ ምን ትሠራለች ይላል? ይህን ያልኩት ግን ለደብተሬ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ ጥሩው መልስ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ደረጃው ላይ ሁለት ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ።

"እማማ ኔጌቲቭ ዛሬም ኃላፊው ጋ ገቡ።"

"ሁሉ ነገር ጥቁር ሆኖ ነዋ የሚታያቸው።"

ሳቁ። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ስሙ መጥፎ አይደለም። ግን ሰው የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬን ሊያቃጥል ቀን ቆርጦ ሳለ የሚሳቀው በኔ መሆኑ ቆሽቴን አሳረረው። ፊልሙ እንዳይቃጠል ለመሥሪያ ቤቱ ቦርድ አቤቱታ መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛ ገጽ ላይ ማን እንደሆንኩ በዝርዝር አስቀምጫለሁ። በሥራዬ ተሳስቼ እንደማላውቅም ጽፌያለሁ። ጋሼ ምስክር ቢሆኑኝ ደስ ባለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 1

ሳጥን ሃያ ስድስት። ወገቤ። በቀን ሦስት መቶ ፍሬም ካላለቀ ኃላፊው በሩ ላይ ይቆማል።

ለማዳመጫ ብስኩት አቀረብኩላት፤ ጆሮዋ እንደተደፈነ በእጇ አመሰገነችኝ። ቅር አለኝ። አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ፊልሙን እንደነገርኳት ነው የምታስቀምጠው። ሳልፍ ሳልፍ አያታለሁ። የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ እናቴን አገኘኋት።

እኔ ከመምጣቴ በፊት የተሠሩት ዘጠኝ ሳጥኖች ስማቸው ስላልተነገረ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳይ፣ ሳጥን ስድስት ውስጥ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። በግራ ጉንጯ ማርያም የሳመቻት ነጥብ ቁልጭ ብላ ትታያለች። መቅረጫውን አጥፍቼ አየኋት። ሳጥን ስድስት፣ ፍሬም ዘጠኝ፣ እናቴ፣ ለማለት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ።

እሷ በሕይወት ሳለች ይህን ፎቶ አትወደውም ነበር። "እኔ እንዲህ አልመስልም" አለች። ጋሼ ሁለት ጊዜ ደግመው አነሷት፣ ሁለቴም "ይህቺ ሌላ ሴት ናት" ብላ መለሰችላቸው። ለኔና ለእህቴ ግን ቁርጥ እሷው ነበረች። ጋሼ ተናደው "ታዲያ ማንን ላንሳልሽ?" ያሏት እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

የሚገርመው ማሽኑ እሷን አላጣመማትም። የነዚያ ዘጠኝ ሳጥኖች ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው። ማሽኑ ያኔ አዲስ ስለነበረ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ተረጋግቼ ልጻፈው።

ያላወቅኳቸውን ሰዎች ቤት ሄጄ ላስባቸው ብዬ የፎቶዎቹን ትንንሽ ምስሎች በወረቀት አሳትሜ ይዤ ገባሁ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እግሯ ስፌት መኪናው ላይ እንዳለ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አገላበጠችው።

"እታለም፣ ይሄ ሁሉ ወንድ የሚስቱን ኮት ለብሶ ነው እንዴ ፎቶ የተነሳው?"

"ምን ትቀባጥሪያለሽ?"

"ቁልፉን እይዋ። የወንድ ኮት ቁልፉ በቀኝ ይሰፋል፣ ግራው ከላይ ይደረባል። እዚህ ግን ሁሉም ተገላቢጦሽ ነው። ይሄኛውም፣ ያኛውም። ይሄ ደግሞ ሰዓቱን በቀኝ እጁ አስሯል።" መርፌውን ከከንፈሯ አወጣችና ሳቀች። "ገለበጥን፣ ገለበጥን ስትሉ ከረማችሁ። እውነትም ገለበጣችሁት።"

ክው አልኩ። ዳኛው፣ አዋላጇ፣ ባለ ወፍጮው፣ ሁሉም ግራቸው ቀኝ ሆኗል። ፊት ያጣመመው ማሽኑ አይደለም። ፊልሙን በጀርባው የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም። ሰው ጆሮውን ደፍኖ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሳያት እንደነገርኳት ታስቀምጣለች፣ ዞር ስል ደግሞ እንደፈለገች። አምስት ሳምንት ሙሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

በሰው ፊት ጮህኩባት። ኃላፊው ነበረ፣ የሱ ጸሐፊ ነበረች፣ እነዚያ ደረጃው ላይ ያሙኝም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ በተንኩት። "ሃያ ሁለት ሳጥን" አልኩ። "ሃያ ሁለት ሳጥን ሰው ገልብጠሽ አስቀመጥሽልን።"

ማዳመጫዋን አውልቃ አንገቷ ላይ አደረገችው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ፊቷ ሲቀላ አየሁ።

"እንደተነገረኝ ነው ያደረግኩት" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ማን ነገረሽ?" አለ ኃላፊው።

እኔን አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ማሽኑ መለሰችና ምንም አልተናገረችም። ዝምታዋ ይበልጥ አናደደኝ። ጥፋተኛ ሰው ቢያንስ ያስተባብላል።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ከዛሬ ጀምሮ አትመጣም። እኔ ከሥራ ትውጣ አላልኩም፤ ኃላፊው ነው የወሰነው። ይህን በደብተሬ ላስፍር፦ እኔ አላልኩም።

ዕቃዋን በአንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ማሽኑ ግንባር ላይ የለጠፍኩት ወረቀትም የለም። የተለጠፈበት ቦታ ላይ ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል።

ኃላፊው ደግሞ ችግሩን ፈታሁ ብሎ ደረቱን ነፍቷል። "አንድ ቁልፍ ነው እማማ። ሁሉንም ፋይል በአንድ ጊዜ መገልበጥ ይቻላል።" ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። "አሁን ሁሉም ተስተካክሏል። መጋቢት ሃያ እንዳለ ነው።" ከአሥራ ሁለት ሺህ ፍሬም በላይ በአንድ ጣት። ጋሼ አንዱን ፊት ለማቃናት ግማሽ ቀን ያጠፉ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አዲስ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተብሏል። እኔ ስም እጠራለሁ።

መቅረጫዬን በየማታው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ ነበር፤ ጠዋት ባዶ ሆኖ፣ ስሞቹ ተጽፈው አገኝ ነበር። ከዓርብ ወዲህ ማንም አልነካውም። ጸሐፊዋን ለምን አትጽፊም ብዬ ጠየቅኳት። "እኔ አይደለሁም እኮ የምጽፈው፣ እማማ" አለችኝ። ታዲያ ማን ነው? ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚህ መሥሪያ ቤት ማን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

አቤቱታዬ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። "በግድ የለሽ ሠራተኛ ምክንያት የደረሰው ስህተት" ይላል። ጠንከር ያለ ነው። ቦርዱ መጋቢት አሥር ይሰበሰባል።

ሰኞ፣ የካቲት 25

እህቴ የእናታችንን ፎቶ በትልቁ አሳትሚልኝ ብላኝ ፋይሉን ከፈትኩ። ነጥቧ በቀኝ ጉንጯ ነው።

እየተንደረደርኩ ኃላፊው ጋ ገባሁ። በሩን አላንኳኳሁም።

"እናቴን ገለበጡብኝ" አልኩት።

"ሁሉም ተገልብጠው ስለነበር ነው የገለበጥናቸው።"

"እሷ ደህና ነበረች። የካቲት አምስት በዓይኔ አይቻታለሁ።"

"የየትኛው ሳጥን ናት?"

"የስድስት።"

"ሳጥን ስድስትን ማን ሠራው?"

"ያቺው ልጅ።"

"የተበላሹትንስ?"

"ያቺው ናት።"

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። "እንግዲያው የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ በትክክል ሠርታለች ማለት ነው። ከአሥር ጀምሮ ምን ተለወጠ?" አለኝ። ሊያጠምደኝ ፈልጎ አልነበረም፤ በቅንነት ነው የጠየቀኝ።

አላውቅም ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

አልሄድኩም። አሟታል በዪልኝ ብዬ እህቴን አስደወልኩ። አላመመኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

ጠዋት ማንም ሳይገባ ገባሁ። ከሳጥን አሥራ ሦስት የዳኛውን ፊልም አወጣሁ። የሚያብረቀርቀውን ወደ ላይ አድርጌ፣ በነጭ ጓንት፣ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቄ አስቀመጥኩት። ማሽኑን አስነሳሁ። የማላውቃቸው መንታ ወንድማቸው መጡ። ገልብጬ የሚያብረቀርቀውን ወደ ታች አደረግኩት። ዳኛው ራሳቸው መጡ፤ በግራ እጃቸው ሰዓታቸውን አስረው፣ አንድ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው።

አምስት ጊዜ ደገምኩት። ማሽኑ በየጊዜው ያንኑ መልስ ሰጠኝ።

እንግዲህ ልጻፈው፤ ደብተሬ ነው፣ ማንም አያየውም። ፊልም ምስሉ በትክክል የሚታየው በሚያብረቀርቀው በኩል ስታዪው ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባለው ማጉያ ፊልሙ ከላይ፣ ወረቀቱ ከታች ነው። ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ ነው፣ ፈዛዛው ወደ ወረቀቱ። ሠላሳ አንድ ዓመት። እጄ ከኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ይህ ማሽን ግን ዓይኑ ከመስታወቱ ሥር ነው። ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። የሚያብረቀርቀውን ማሳየት ያለብሽ ለሱ ነው፤ ወደ ታች። ያቺ ልጅ ይህን አውቃ ነበር። እኔ የገባሁ ቀን በትክክል ስታስቀምጥ አገኘኋት፤ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አንስቼ አስተውኳት። እርግጠኛ ነዎት ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ቃሌን አንድም ቀን ሳታፋልስ ፈጸመችልኝ።

እኔን ነው የሰማችው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ምክንያት አለኝ፤ ወይም ያለኝ መስሎኛል። አቤቱታው መጋቢት አሥር ይታያል። አንደኛው ገጽ ላይ ተሳስቼ አላውቅም ይላል። አሁን ተሳስቻለሁ ካልኩ የፊልሙን ነገር ማን ይሰማኛል? እማማ ኔጌቲቭ ጃጁ ይሉና ቀናቸውን ጠብቀው ያቃጥሉታል። ለፊልሙ ስል ነው ዝም ያልኩት። ይህን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት።

ስፌቷን አላቆመችም። "ፊልሙስ እሺ" አለች። "ልጅቷንስ ለማን ስትዪ ነው?"

እንዲህ ስትናገረኝ አልወዳትም። ከልጅነታችን ጀምሮ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

አድራሻዋን ከጸሐፊዋ ተቀብዬ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ የደረጃው መብራት የማይሠራ። እናቷ በሩን ከፍተው "ልጄ ስለ እርስዎ ብዙ ነግራኛለች" አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ኋላ ሳየው ግን ሴትየዋ በክፉ አልነበረም ያሉት።

ማዳመጫ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትጽፍ ነበር። ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም። ተቀምጬ የምለው ነገር አልነበረም።

"አንቺ ትክክል ነበርሽ" አልኳት። "እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።"

"አዎ" አለች። "እኔም የጮሁብኝ ዕለት ነው የገባኝ።"

"ወረቀቱ በእጅሽ ነበር። ለምን አላሳየሻቸውም?"

ትንሽ አሰበች። "ማን ያምነኛል ብዬ ነው? እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት አልዎት፤ እኔ ሁለት ወር። ደግሞም በጣም ተናድጄ ነበር፣ እማማ። አፌን ብከፍት መጥፎ ነገር ነበር የምናገረው።"

ንዴቷ ሲገባኝ ቀለል አለኝ። ይቅር ብያለሁ ብትለኝ ኖሮ አልችለውም ነበር። ሌላ የምለው ቢጠፋኝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማዳመጫ አየሁና፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ነበር የምትሰሚው?" አልኳት።

"እርስዎን።"

"እኔን?"

"ስሞቹን የምጽፈው እኔ ነኝ እኮ። ፊልሙ ስካን እስኪሆን እርስዎን እየሰማሁ እጽፍ ነበር። ባለ ወፍጮው ከነልጁ፣ ሚዛን ላይ እጇን የምታሳርፈዋ..." ፈገግ አለች፤ ያችኑ ሥራ ላይ እያለች የምትለውን ፈገግታ። "እስከ ሳጥን ሠላሳ አንድ ያለውን ድምፅ ቤት ወስጄ ነበር። እሱን ነው አሁን የምጨርሰው።"

ማንም ሳያዛት። ከሥራ ካስወጣኋት በኋላ።

ስወጣ ያንን ወረቀት እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። አጥፋ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጣው ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ቦርዱ ፊት ቆምኩ። አምስት ሰዎች፣ አምስት ጠርሙስ ውኃ። ኃላፊው ከጎኔ።

አቤቱታውን አላነበብኩም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ፣ ከነስሜ፣ ከነፊርማዬ። "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው" አልኩ። ለአንድ ጊዜ መልሱ ቤት ከመድረሴ በፊት መጣልኝ።

"እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ተሳሳትኩ። ልጅቷን ትክክል ስትሠራ አሳሳትኳት፣ ሲታወቅ ደግሞ በሰው ፊት አዋረድኳት። እሳቸው" ብዬ ኃላፊውን አሳየሁ፣ "ሊያርሙ ብለው ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ገለበጡ። ትክክል የነበሩትን ዘጠኝ ሳጥኖች አበላሹ። ኮምፒውተሩ ይህን አልነገረንም። የነገረን ፊልሙ ነው። ይህ ሳይታወቅ ፊልሙ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ እናቴ ለዘላለም በማታውቀው ጉንጯ ትኖር ነበር፤ እኔም ልጅቷን እንደወነጀልኩ እሞት ነበር።"

ከአምስቱ አንዷ፣ በዕድሜ ገፋ ያለችው፣ ወረቀቱን አንስታ አየችው። "እርስዎን ያረመዎትን ነገር ነው እናቃጥል ያልነው?" አለች፣ ወደ ኃላፊው እያየች።

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። ሲያፍር አየሁት፤ ትንሽ አዘንኩለት፤ ትንሽ ብቻ። ፊልሙ እንዲቆይ ተወሰነ። ልጅቷ እንድትመለስም። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ያ ከስድብ ይበልጥ ከበደኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

የእናቴን ትክክለኛ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ለእህቴ ሰጠኋት። የተገለበጠችውንም አብሬ ወሰድኩ፣ ላስቃት ብዬ። እህቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተያየቻቸው።

"እማዬ ራሷን በመስታወት ብቻ አይደል የምታውቀው" አለች። "በመስታወት ደግሞ ግራው ቀኝ ነው። ይህቺኛዋን ብታያት ኖሮ እኔ ነኝ ትል ነበር።"

የተገለበጠችው ፋይል እንዳትጠፋ ነገ እነግራታለሁ፤ ማዳመጫን።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ሊቃጠል የነበረበት ቀን። ሳጥን አሥርን እንደገና ጀመርን።

ልጅቷ ትሠራለች፣ እኔ ፊልም አቀብላታለሁ፣ በመሃል መቅረጫው ላይ እናገራለሁ። እንደ ድሮው አይደለንም። "እማማ" ስትለኝ ድምፁ ውስጥ አሁንም ጠጠር አለ። ይኑር፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት።

ፍሬም ሠላሳ ስድስት ላይ ደረስን። ሽርጥ የለበሰች ሴት፣ እጇ እርጥብ፣ ቶሎ ጨርሰው ልሂድ የምትል። ወደ መቅረጫው ተናገርኩ፦ "ሳጥን አሥር፣ ፍሬም ሠላሳ ስድስት። ከዚህ በፊት የፊልም ማብቂያ ያልኩት ይሰረዝ።" ከዚያ ሙሉ ስሜን ተናገርኩ። ራሴን ስጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።

ማዳመጫዋን አንዱን ጆሮ አንስታ ዞር አለች። "እሱን ጽፌዋለሁ" አለች።

"የቱን?"

ወንበሯን ገፋ አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ። የፊልም ማብቂያ ያልኳቸው፣ እኔ የቆምኩባቸው፣ አርባ ሁለት ፍሬም ነበሩ። ሁሉም ሥር፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ ሙሉ ስሜ ተጽፏል። ስሜን ነግሬያት አላውቅም፤ ለሷ እማማ ነበርኩ።

"ከየት አገኘሽው?"

"ከወረቀቱ ላይ" አለች። "ፈርመውበት አልነበር።"

ማዳመጫዋን መልሳ ደፋች። እኔም የሚያብረቀርቀውን ወደ ታች አድርጌ ቀጣዩን ፊልም አቀበልኳት።